ተባይ ሆኖ የነቃ ሰው

ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው «ሜታሞርፎሲስ» በተባለው ታሪክ ግሬጎር አንድ ቀን ጠዋት ተባይ ሆኖ ይነቃል። ይናገራል፤ ቤተ ሰቦቹ ግን ድምፁን እንጂ ቃሉን አይሰሙም። ኦቪድ ዎርክስ የተባለ የፖላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ታሪክ የኮምፒዩተር ጨዋታ አደረገው። ተጫዋቹ ራሱ ተባዩን ሆኖ በመሳቢያና በግድግዳ ስንጥቅ ይጓዛል። እርሳስ ድልድይ፥ መጽሐፍ ተራራ ይሆንበታል። ግድግዳ ለመውጣት አስቀድሞ እግሩን የሚያጣብቅ ነገር ማስነካት አለበት፤ እንቆቅልሹም ይህን የመሰለ ነው።

እኔ የአርቦሬ ልጅ ነኝ። ከተማ ትምህርት ቤት በገባሁበት ቀን አማርኛ አላውቅም ነበርና በእናቴ ቋንቋ ብመልስ ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ግሬጎር ሳይሰሙት ሞተ፤ እኔ ግን ሁለተኛ ቋንቋ ጨመርሁ፤ የፊተኛውንም አልጣልሁም። ስለዚህ አዲስ ተማሪ ዝም ቢል ሰነፍ አትበሉት፤ መውጫውን እየፈለገ ነውና።