ወንዝ ዳር የነበሩት ቤቶቻችን፦ ጎንደርንና ወለቃን ለሚጎበኙ ቤተሰቦች



አንድ የቂርያት ማላኪ ልጅ የሠራዊት አገልግሎቱን ከጨረሰ በኋላ ጎንደር ደርሶ ሲመለስ ለአያቱ ፎቶግራፍ ይዞላቸው መጣ። ልጁ ወለቃ ውስጥ መንገድ ዳር ካለ አንድ ቤት አጠገብ ቆሟል፤ ግድግዳው በደማቅ ቀለም ተቀብቶ የዳዊት ኮከብ ተሥሎበታል። አያቱ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርበው ብዙ ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ቤቱስ አማረ፤ ውሃው የት አለ?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ውሃ አላየም። ወደ ወንዙም አልወረደም። መውረድ እንዳለበት የነገረውም ሰው አልነበረም።

ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ ነው። ልጆቻችን ወደ ወላጆቻቸው አገር ሲሄዱ የምንሰጣቸው የመንደር ስምና የዘመድ ሰላምታ ብቻ ነው። ቤቶቻችን ለምን እዚያ እንደተሠሩ፣ ቤቱ ከምን ጋር እንደሚታይ አንነግራቸውም። ስለዚህ ከቂርያት ማላኪ፣ ከገደራና ከያቭኔ እናቶችና አባቶች የሰማነውን፣ በልጅነታችንም ያየነውን፣ ከመጻሕፍት ካነበብነው ጋር አያይዘን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ትገኛለች። ለከተማው ቅርብ በመሆኗና መኪና በደጇ ስለሚያልፍ፣ ከቤተ እስራኤል መንደሮች ሁሉ የውጭ አገር ጎብኚ አዘውትሮ ያያት እርሷ ናት። አምቦበር ትልቅ መንደር ሆና ሳለች ጎብኚው ግን ወለቃን አየ፤ መንገድ እንዲህ ያደርጋል። ወገኖቻችን አብዛኞቹ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ እስራኤል ገብተዋል። በወለቃ የቀሩት ቤቶችና የጸሎት ቤቱ ናቸው። በመንገዱ ዳር የሚታዩት ባለ ቀለም ግድግዳዎች፣ የዳዊት ኮከቦችና «የፈላሻ መንደር» የሚሉ ጽሑፎች ጎብኚን ለመጥራት የተደረጉ ናቸው። የሸክላ ምስሎችን፣ ይኸውም የይሁዳን አንበሳ፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን፣ እየሠሩ የሚሸጡት ሴቶች በአብዛኛው የሰፈሩ ክርስቲያኖች ናቸው። በዚህ አንቀየማቸውም፤ እንጀራቸው ነው። ልጆቻችን ግን ያ ቀለም የአያቶቻቸው ነው ብለው እንዳይመለሱ እንፈልጋለን።

እናቶቻችን ቀለም አያውቁም ነበር ማለታችን አይደለም። ጎጆው ሲሠራ እንጨቱ ይቆማል፣ ማገሩ ይታሰራል፣ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ይመረጋል፣ ጣሪያው በሣር ይከደናል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ሥራ ነው። በእበት ይለቀልቁታል፤ ነጭ አፈርም ሆነ ቀይ አፈር ከተገኘ ውስጡን፣ መደቡንና የምድጃውን ዙሪያ ያሳምሩበታል። ይህ ቀለም ከውጭ ለሚያልፍ ሰው የተቀባ ሳይሆን ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው የተለቀለቀ ነበር። ክረምት ሲያልፍ ይታደሳል። ሰው ሲሄድ ደግሞ በሁለት ሦስት ክረምት ይጠፋል፤ ዛሬ የሚገኝ አይመስለንም።

ታዲያ የእኛ ቤት በምን ይታወቅ ነበር? በዕብራይስጡ ገጽ የሚያነቡ ወጣቶች «በመዙዛ» ይሉን ይሆናል። በአገራችን ሳለን ግን በመቃናችን ላይ መዙዛ አልነበረንም፤ መዙዛን ያወቅነው ከሌላው የአይሁድ ዓለም ጋር ከተገናኘን ወዲህ ነው። የቤተ እስራኤል ቤት ምልክቱ ከበሩ ላይ ሳይሆን ከበሩ በታች፣ ቁልቁል ባለው ውሃ ላይ ነበር።

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 የረከሰ ሰው በሚሄድ ውሃ እንዲታጠብ ያዝዛል። አባቶቻችን ይህን እንደተጻፈ ጠበቁት። የጉድጓድ ውሃ ለመጠጥ ይሆናል፤ ለመንጻት ግን የሚፈስ ውሃ ያሻል። ገበያ ውሎ ከሌላ ሃይማኖት ሰው ጋር የተነካካ ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ታጥቦ ይገባል። ሬሳ የነካ ከመንደር ውጭ ቀኑን ቆጥሮ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ሰንበት ሳትገባ ወንዱም ሴቱም ወንዝ ይወርዳል። «አትንኩኝ» የሚባለው ሥርዓት ይህ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ይህንኑ ቃል ስም አድርገው ያወጡልን ነበር። እንግዲህ በየቀኑ ወንዝ የሚፈልግ ሕዝብ ከወንዝ ርቆ ሊሰፍር አይችልም። ደግሞም ከወንዙ አፍ ላይ አይሠራም፤ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ውሃው ይሞላልና ቤቱ ከገደሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ መንደሮቻችንን የምታገኟቸው ከፍ ባለ ተዳፋት ላይ፣ ቁልቁል ወደ ወንዝ የሚወስድ ቀጭን መንገድ ኖሯቸው ነው። ያን መንገድ በአብዛኛው ያቀኑት የሴቶች እግሮች ናቸው።

ስለ ሴቶቹ እንናገር፤ ብዙ ጽሑፎች ይህን አፍረው ያልፉታልና። ከመኖሪያው ጎጆዎች ወረድ ብሎ፣ ወደ ውሃው በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረች። የደም ጎጆ፣ በሌላ ስሟ የመርገም ጎጆ ትባላለች። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ሰባት ቀን በዚያ ትቀመጣለች። በጎጆይቱ ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሮ ክብ ይሠራል፤ ምግብ የሚያመጣላት ሰው ክቡን ሳያልፍ፣ እርሷንም ሳይነካ፣ በድንጋዩ አጠገብ አስቀምጦላት ይመለሳል። በሰባተኛው ቀን ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን በወንዝ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትገባ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለወለደች ደግሞ ቀኑ ይረዝማል፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን። የመጀመሪያዎቹን 7 ወይም 14 ቀናት በደም ጎጆ፣ የቀሩትን 33 ወይም 66 ቀናት በአራስ ጎጆ ትፈጽማለች። ቁጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 የተጻፈ ሲሆን፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ በምዕራፍ 3 ምክንያቱን ሲሰጥ አዳም በ40ኛው፣ ሔዋን በ80ኛው ቀን ወደ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ቄሶቻችን ይህን በግዕዝ ሲያነቡ በልጅነታችን ሰምተናል።

እዚህ ተወልደው ያደጉ ሴቶች ልጆች ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ ሴትን ማግለል ነው ይላሉ። ስሙ ራሱ መርገም የሚል ስለሆነ ቁጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጊቶቹን ስንጠይቅ ግን መልሳቸው አንድ ዓይነት አልሆነልንም። አንዲት የያቭኔ እናት «በዓመት ውስጥ ዕረፍት ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነበር፤ እንጀራም አልጋግር፣ ውሃም አልቀዳ» አሉን። ሌላዋ ደግሞ በክረምት ሌሊት ብቻዋን ሆና የጅብ ድምፅ የሰማች ልጅ ምን እንደተሰማት እንዳንረሳ አስጠነቀቁን። ሁለቱንም ጽፈናል። ሁለቱ በአንድ የሺኩን ሕንፃ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ወንዙ ሌላም ሥራ ነበረው። እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ፤ ጭቃው ይቦካል፣ እንስራው፣ ማሰሮው፣ ጀበናውና ምጣዱ ተሠርቶ በጥላ ይደርቃል፣ ከዚያ በእሳት ይተኮሳል። አባቶቻችንም ከእርሻው ጎን ብረት ይቀጠቅጡ ነበር፤ ከወናፉ እሳት የወጣ ማረሻ ውሃ ውስጥ ካልገባ አይጠነክርም። በዚህ ሙያችን ጎረቤት ሲጠቀም ኖሮ በዚያው ሙያ «ቡዳ» ብሎ ሰድቦናል።

ከኦሪቱና ከሙያው ሌላ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም መሬት ነው። በአፈ ታሪካችንም ሆነ በነገሥታቱ ታሪክ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይወርስ እንደደነገጉ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ወንዙን የሚመርጠው ባለመሬቱ ሲፈቅድለት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን በሰው መሬት ላይ፣ ከምርቱ ድርሻ እየከፈልን፣ ጢሰኞች ሆነን ኖረናል። ይህ የተለወጠው በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው። በከተማውም እንዲሁ ነበር። አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ የቆረቆሯት ጎንደር በአንገረብና በቀሐ ወንዞች መካከል የተሠራች ስትሆን፣ ቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በሥራዋ ተካፋይ እንደነበሩ ይታወቃል። ሆኖም በልጃቸው በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን (1667–1682) ቤተ እስራኤልም ሆኑ እስላሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታዘዘ። ካይላ ሜዳ የሚባለው የጎንደር ሰፈር በዚያ ስም የተጠራው በእኛው ነው፤ «ካይላ» ይሉን ነበርና። ፋሲል ግቢን የሚጎበኝ ሁሉ ግንቡን ያደንቃል፤ ግንበኛው ማታ የት ሄዶ እንደሚያድር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በ2012 በቂርያት ማላኪ በአንዳንድ ሕንፃዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት ተስማምተዋል ተብሎ ሕዝባችን ሰልፍ በወጣ ጊዜ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እዚያ መሬቱን ከለከሉን፣ እዚህ ደረጃውን» ማለታቸው ትዝ ይለናል።

በዚህ ነገር ብቻችንን እንዳልሆንን ለማሳየት አንድ የሩቅ ከተማ እንጥቀስ። ከማኅበራችን አባላት አንዳንዶቹ የስፔን አይሁድን ታሪክ ለማየት ወደ ካታሎንያ ሄደው ጂሮና የምትባለውን ጥንታዊ ከተማ አይተዋል። በመካከሏ ኦኛር የሚባል ወንዝ ያልፋል። በዳሩ ቢጫ፣ ቀይና ብርቱካንማ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ቤቶች ተደርድረዋል፤ ጎብኚው ሁሉ ድልድይ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሳቸዋል። ከድልድዮቹ አንዱን በ1877 የሠራው የኤፌል ኩባንያ ነው፤ የፓሪሱን ግንብ የሠራው ማለት ነው። ዛሬ የሚታየው የቀለም ምርጫ ግን የተወሰነው በ1980ዎቹ ነው። የአይሁድ ሰፈር ከዚያ ቀለም ጀርባ፣ በጠባብ የድንጋይ ደረጃ ወጥተው የሚያገኙት ነው። ራምባን፣ ራቢ ሞሼ ቤን ናሕማን፣ የተወለደው እዚያ ሲሆን፣ በ1263 በባርሴሎና ከተደረገው የሃይማኖት ክርክር በኋላ አገሩን ለቆ በ1267 ወደ እስራኤል ምድር ገብቷል። በ1492 አይሁድ ሁሉ ከስፔን ተባረሩ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ቤቱ የማን እንደነበረ የሚናገረው በመቃኑ ድንጋይ ላይ የተቦረቦረ፣ መዙዛ ይገባበት የነበረ ጠባብ ቀዳዳ ነው። እነርሱ ምልክታቸውን በድንጋይ ላይ ትተው ሄዱ። እኛ በጭቃ የሠራን ሰዎች ነን፤ የቀረን ወንዙና በወንዙ ዳር የተደረደረው ድንጋይ ነው።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ውሃው ወደ ቧንቧ ገባ። በመርካዝ ክሊታ ሳለን እናቶቻችን የት ይለዩ? አንዳንዶቹ በረንዳ ላይ፣ አንዳንዶቹ በአንድ ክፍል ጥግ ለብቻቸው ሰሃን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ሚቅዌ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ መሆኑ ለብዙዎቹ ግራ ሆኖባቸው ነበር፤ «ይህ ውሃ የት ይሄዳል?» ያሉ ነበሩ። የያቭኔ ልጆች ወንዝ ሲባል የሚያስቡት ሶሬቅን ነው፤ እርሱም ለብዙ ዘመን የኢየሩሳሌምን ፍሳሽ ሲያወርድ የኖረ ስለሆነ፣ አያታቸው ለመንጻት ወንዝ ትወርድ ነበር ቢባሉ ይስቃሉ። ልጆቹን አንፈርድባቸውም።

አሁን ለጉዞ የሚዘጋጁትን እንመክራለን። በመጀመሪያ ስለ ደኅንነቱ ይጠይቁ። በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል ውጊያ በተነሣ ጊዜ የእስራኤል መንግሥት ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን አውጥቷል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማስጠንቀቂያ ሳታነቡ ቲኬት አትግዙ። ሁለተኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ከአያታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በወረቀት ላይ ንድፍ አስሥሉ፦ ደጁ ወደየት ያያል፣ የጸሎት ቤቱ በየት በኩል ነው፣ ወደ ውሃው የሚወርደው መንገድ ከየትኛው ዛፍ አጠገብ ይጀምራል፣ የደም ጎጆዋ ከወንዙ ምን ያህል ትርቃለች። ወንድ ልጅ አያቱን ይህን ለመጠየቅ ያፍር ይሆናል፤ እኅቱን ወይም እናቱን ይላክ። ጎጆው ራሱ ላይኖር ይችላል፤ ሣሩ በቆርቆሮ ተተክቷል፣ ጎንደርም እየሰፋች ወደ ወለቃ ተጠግታለች። ወንዙ ግን ከቦታው አይነሣም።

እዚያ ስትደርሱ የቤቱን ባለቤት ሰላም ብላችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ግቡ፤ ዛሬ የሚኖርበት ሰው ቤት ነው። ከሸክላ ሠሪዎቹ ብትገዙም መልካም። ከዚያ ጀርባችሁን ለመንገዱ ሰጥታችሁ ቁልቁል ውረዱ፣ እርምጃችሁንም ቁጠሩ። በተዳፋቱ ላይ ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ ካገኛችሁ ፎቶግራፍ አንሡ፣ ቦታውን ጻፉ፤ ድንጋዩን ግን ለመታሰቢያ ብላችሁ አታንሡ።

የቂርያት ማላኪው ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሄዶ ነበር። ከደጃፉ እስከ ውሃው ሁለት መቶ አሥራ ሰባት እርምጃ ቆጥሮ መጣ። አያቱ ሰምተው «እንስራ ስሸከም ከዚያ ይበልጥ ነበር» አሉ።