ልዩነትን ማክበር፣ መለያየትን መከላከል

የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ልጆች ብንሆንም በቋንቋ፣ በትውልድ ስፍራ፣ በኑሮና በአስተሳሰብ እንለያያለን። ይህ በራሱ መከፋፈል አይደለም። ለዚህም የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ምስክሮች ናቸው። በድጓ ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር፣ በቅዳሴ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ፣ በአቋቋም ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ስልቶች አሉ። ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ስልት አጽንቶ ይይዛል፤ የሌላውን ቤት ግን ባዕድ አይለውም። ሃይማኖቱ አንድ ስለ ሆነ የዜማው ልዩነት ሀብት ሆኖ ኖረ።

መለያየት የሚመጣው አንዱ ወገን «ተረሳሁ» ሲል ሌላው ለመስማት እንቢ ያለ ጊዜ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ልብ እንበል። በኢየሩሳሌም በነበረችው ቤተ ክርስቲያን ቅሬታ የተነሣው በዕለታዊው የምግብ እደላ ምክንያት ነበር። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ወገኖች መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ አጕረመረሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ዐመፅ አልቈጠሩትም፤ አላድበሰበሱትምም። ሕዝቡን ሰብስበው በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው መሆናቸው፣ ኃላፊነቱ ቅር ለተሰኘው ወገን ቅርብ ለሆኑ ሰዎች በአደራ እንደ ተሰጠ ያመለክታል። ከዚያም በኋላ የምእመናኑ ቍጥር በዛ እንጂ አልጐደለም።

ይህን መንገድ መልቀቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ በዘመናችን አይተናል። ሲኖዶሱ በሀገር ውስጥና በስደት ተለያይቶ በቆየበት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ አጥቢያዎች በሁለቱ ወገኖች ሥር ሲከፈሉ ሌሎቹ ደግሞ «ገለልተኛ» ተባሉ። ጥያቄው የመንበርና የአስተዳደር እንጂ የሃይማኖት አልነበረም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተፈጸመው ዕርቅ ውግዘቱን አንሥቶ፣ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስና የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ስም በጸሎት አብሮ እንዲጠራ አደረገ። በጥር 2015 ዓ.ም. ከቀኖና ውጭ በተፈጸመው ሢመት ቤተ ክርስቲያን ዳግም ስትፈተን፣ በየካቲት የተደረሰው ስምምነት ቀኖናን ከማስከበር ጋር በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠውን አገልግሎት ማጠናከርንም ይዟል። ጥፋትን አለመቀበልና እውነተኛ ቅሬታን መስማት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በልማትና በዕርዳታ ሥራም ፈተናው ያው ነው። የውኃ ጕድጓዱ የት ይቈፈር? የዕርዳታው እህል ለማን ይቅደም? እንዲህ ያለው ጥያቄ በጥቂት ሰዎች ምክክር ብቻ ሲወሰን፣ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ጥርጣሬን ይወልዳል። ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አብረው እንዲቀመጡ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የተጠቃሚዎች መመዘኛና ዝርዝር በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ስብሰባውም ሰዎቹ በሚሰሙት ቋንቋ ይካሄድ። ቅሬታን የሚመረምረው እደላውን የፈጸመው ሰው ብቻ አይሁን። መበለቷ፣ አካል ጕዳተኛውና ከሌላ ስፍራ የመጣው ተፈናቃይ የሚናገሩበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ ብዙውን ጊዜ ዝም የሚሉት የተረሱት ናቸውና።

ልዩነትን እናክብር ስንል ሁሉም ነገር ለድርድር ይቅረብ ማለታችን አይደለም። የሃይማኖትና የቀኖና ጉዳይ ለቅዱስ ሲኖዶስ የተጠበቀ ነው። የእህሉ ስፍር፣ የስብሰባው ቋንቋና የጕድጓዱ ቦታ ግን በእኛው እጅ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ትንንሽ ጉዳዮች የታመነ አጥቢያ ትልቁ ፈተና ሲመጣ በቀላሉ አይከፈልም።

የሰላም አምላክ አንድነታችንን ይጠብቅልን።