የጠፍር አልጋና ባለስሙ ወንበር

ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ ሙቀቱ ሲበረታ አልጋን ደጅ አውጥቶ መተኛት የተለመደ ነው። በአራት እግሮች ላይ በቆመ የእንጨት ክፈፍ መካከል ጠፍር ወይም ገመድ ተወጥሮ ይታታል። አየር ከሥር ወደ ላይ ስለሚያልፍም የተኛበትን ሰው ያቀዘቅዘዋል። ድንበሩን ተሻግረው ሱዳን ሲገቡ እንዲህ ያለው አልጋ «አንገሬብ» ይባላል።

አሠራሩ እጅግ ጥንታዊ ነው። በሰሜን ሱዳን በከርማ ከ3,500 ዓመታት በፊት የተቀበሩ ሰዎች አልጋ ላይ እንደተጋደሙ ተገኝተዋል። የአንዳንዶቹ አልጋዎች እግር በበሬ እግር አምሳል የተቀረጸ፣ ግርጌያቸውም በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር።

ይኸው መላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በሌላ መልክ ብቅ አለ። በጀርመኑ የባውሃውስ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሀንጋሪያዊው ማርሴል ብሮየር እ.ኤ.አ. በ1925 ከብስክሌት መሪ ሐሳብ ወስዶ በታጠፈ የብረት ቱቦ የወንበር አጽም ሠራ፤ በላዩም ጨርቅ ወጠረበት። ይህ ወንበር ዛሬ «ዋሲሊ» በሚል ስም ይታወቃል። ዴንማርካዊው ሃንስ ዌግነርም እ.ኤ.አ. በ1950 በብረት አጽም ላይ 240 ሜትር ያህል የባንዲራ ገመድ ወጥሮ ሌላ ዝነኛ ወንበር አወጣ።

የሦስቱም ምሥጢር አንድ ነው። ጠንካራው ክፈፍ ጭነቱን ይሸከማል፣ የተወጠረው ነገር ደግሞ የሰውነትን ቅርጽ ተከትሎ ይረግባል። በመሆኑም ዕቃው ሳይከብድ ይመቻል። ይህ ሲባል ግን ፈረንጆቹ ከእኛ ቀዱ ለማለት አይደለም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የብሮየርና የዌግነር ሥራ በንድፍ ሰፍሮ፣ ከስማቸው ጋር ተያይዞ፣ ፋብሪካ ተቀብሎት እስከ ዛሬ ይመረታል። ጠፍር ወጣሪው ግን የዕለት ዋጋውን ከመቀበል አላለፈም፤ ስሙም የትም አልተጻፈም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለአዲስ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የ5 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ይህም ሁለት ጊዜ ለተጨማሪ አምስት አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ጥንታዊው አልጋ አዲስ ስላልሆነ ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም። ከእሱ ተነሥቶ ለቢሮ ወይም ለሆቴል የሚሆን አዲስ ወንበር የሚነድፍ ባለሙያ ግን በሕጉ መጠቀም ይችላል። የቆላው አናጢም የዚህ ሥራ ተካፋይ ቢሆን፣ ሙያው ከዕለት ዋጋ ያለፈ ጥቅምና ስም ያገኛል።