ጥቁር ሰማያዊ ወይስ ኒኬል?

እ.ኤ.አ. በ1873 የአሜሪካ ጦር የተቀበለው የኮልት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በርሜሉ ጥቁር ሰማያዊ ነበር፤ በኒኬል የተለበጠው ለሲቪሉ ገበያ ይቀርብ ነበር። ምርጫው ዛሬም ያከራክራል።

ጥቁር ሰማያዊው ቅብ አይደለም፤ የብረቱ ገጽ ራሱ በኬሚካል ተለውጦ የሚያወጣው መልክ ነው። ስለዚህ አይላጥም፤ ዘይት ካልተቀባ ግን ላብና የባሕር አየር ፈጥነው ያዝጉታል። ኒኬል ላብን ይችላል። ሆኖም አንዴ ከተላጠ ዝገት ከሥሩ ተደብቆ ይስፋፋል፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃም ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚነጠፈውን መዳብ እየበላ ልባጡን ያነሣዋል። በጨረቃ ማብለጭለጩስ! ሌሊት ዘብ ለሚቆም ወታደር እኛ ጥቁሩን እንመርጣለን።

ለቤተሰብም አንድ ነገር፦ የቆዳ ማኅደር እርጥበት ስለሚይዝ ሽጉጡ በውስጡ እንዳለ ሣጥን አይግባ። አባወራው ጥይቱን አውጥቶ፣ በዘይት ጨርቅ ወልውሎ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቆልፍበት።