ከሩቅ መጥተው ጉለሌ ያረፉት ሐኪም



በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ የኮመንዌልዝ ወታደሮች በተቀበሩበት መካነ መቃብር፣ አንዲት ሐኪምም ዐርፈዋል፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን። ሃይማኖታቸው ክርስትና ነበር፤ ውለታቸው ግን የእኛንም ቤት አንኳኩቷል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ አይሁዳዊ ጀናዛ ሲያልፍ ተነሥተው መቆማቸውን የተማርን ሰዎች፣ የዚህችን እናት ታሪክ በረመዳን ብናነሣ ነውር የለውም።

ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በ1924 በአውስትራሊያ፣ ሲድኒ ተወለዱ። በ1959 ከባለቤታቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ከትንሽ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ሥራቸው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም፣ ውላቸውም የሦስት ዓመት ነበር። የፊስቱላ ሕሙማንን ሲያዩ ግን መመለሱን ተዉት።

ፊስቱላ ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሚመጣ ጉዳት ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ይበሳል። ከዚያ በኋላ ሽንት ያለ ፈቃዷ ይፈሳል። ሕፃኑም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። ብዙዎቹን ባላቸው ይፈታቸዋል፤ ዘመድም በጓዳ ይደብቃቸዋል።

ባልና ሚስቱ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሕክምናው በነፃ ነው። በኋላም በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት ተከፈቱ። ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል። ባለቤታቸው በ1993 ሲያርፉም ዶክተር ካትሪን ሥራውን አልተዉም። መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህንን ያነሣነው ለምክንያት ነው። እኛ ኢማሞች በረመዳን ከምንጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሽንቷ የማይቆምላት ሴት ሰላቷና ጾሟ እንዴት ነው?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ጠያቂዋ ራሷ አትመጣም፤ እናት ወይም እህት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትጠይቅላታለች።

መልሱ ቀላል ነው። ፊቅህ እንዲህ ያለችውን ሴት ባለ ዑዝር ይላታል። የሰላቱ ወቅት ሲገባ ታጥባ በንጹሕ ጨርቅ ታስራለች፤ ዉዱእ አድርጋ ሳትዘገይ ትሰግዳለች። እየሰገደች ቢፈሳትም ሰላቷ ትክክል ነው። ለሚቀጥለው ፈርድ ዉዱኧን ታድሳለች። የሚፈሰው ሽንት ጾሟንም አያፈርስም። ሽንት እንዳይበዛባት ብላ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃ መተው ግን ይጎዳታል፤ በደንብ ትጠጣ። ጾም የሚያስታምማት ከሆነም አላህ ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል፤ ስትድን ቀዳ ታወጣለች።

አላህ ያላራቃትን እህት እኛ ከማዕድ ልናርቃት አይገባም። ሕመሟ የእርግማን ምልክት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ከዳነችም በኋላ ቀጣዩን ልጅ በሆስፒታል ትውለድ።

ሕክምናው በነፃ ቢሆንም ከገጠር መምጫው ገንዘብ ይፈልጋል። ዘካ የምታወጡ ቤተሰቦች፣ ድኻ ሆና በዚህ ሕመም የተያዘች ሴት ከባለመብቶቹ መካከል መሆኗን አትርሱ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ እንዲህ ያለች እህት ካለች ዒድን አትጠብቁ፤ የመኪናዋን ከፍላችሁ፣ አንዲት ሴት ዘመድ አብራት ትሂድ።

ረመዳን ሙባረክ!