ዓሣ፣ እንቁራሪትና ኤሊ በአንድ የመስታወት ቤት

በበርሊን ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1913 የተከፈተው የውሃ እንስሳት ቤት በሦስት ደርብ የተከፈለ ነበር። ከምድር ቤቱ ዓሦች፣ ከመካከለኛው ደርብ አዞዎችና ሌሎች በደረታቸው የሚሳቡ እንስሳት፣ ከላይኛው ደግሞ እንቁራሪቶችና ነፍሳት ይኖሩበት ነበር። በኅዳር 1943 በአየር ድብደባ የፈረሰው ይህ ቤት ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። ያን ያህል ገንዘብና ያን ያህል ሊቃውንት የነበሩት ቤት ሦስቱን ወገኖች በየደርባቸው ለያይቶ ሲያኖር፣ በሳሎኑ አንድ የመስታወት ሣጥን ያቆመ ሰው ግን ሦስቱንም ባንድነት ለማኖር ይመኛል። ከታች ውሃ፣ ከመካከል ድንጋይ፣ ከላይ ቅርንጫፍ ያለበት ሣጥን በርግጥ ለዓይን ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም።

የመጀመሪያው ችግር አፍ ነው። እንቁራሪት ለአፏ የሚበቃውን ሁሉ ትውጣለች። በየገበያው እጅግ ትንሽ ሆኖ የሚሸጠው ጆሮ ቀዩ የአሜሪካ ኤሊ አድጎ ከ20 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ የሣጥን ጓደኞቹንም አሳዶ ይበላል። ሆዱ እሳት የመሰለው ጉርጥ ደግሞ ከቆዳው መርዝ ስለሚያመነጭ፣ በጠባብ ውሃ ውስጥ ዓሦችን ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አክሶሎትል የተባለው የሜክሲኮ ፍጥረት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ ሲደላው፣ የሞቃት አገር ዓሣ ግን ከ24 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ውሃውን በመካከል ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነው።

ውሃው ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። የእንስሳቱ ኩስ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ያወጣል፤ ይህንንም ወደማይጎዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ብዙ ሳምንት ያልፋል። ስለዚህ ሣጥኑን ባቆመ ዕለት እንስሳቱን የሚያስገባ ሰው ገንዘቡንም እንስሳቱንም ያጣል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 60፣ የውሃው ጥልቀት 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 600 ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም ያለ ድንጋዩና ያለ መስታወቱ 600 ኪሎ ግራም ነውና የወለሉ ብርታት አስቀድሞ ይመርመር።

አስተዋይ ሰው ኤሊውን ይተዋል። ጥቂት ትንንሽ ዓሦችን ከታች፣ ከቅርንጫፍ የማይወርድ አንድ ወገን እንሽላሊት ከላይ ያኖራል፤ እንሽላሊቱም ድንገት ቢወድቅ ተንጠላጥሎ የሚወጣበት እንጨት ያቆምለታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በ1999 ስም የተሰጠው የእንቁራሪት ቆዳ ሻጋታ ከአገር ወደ አገር ከተዛወረባቸው መንገዶች አንዱ የእንስሳት ንግድ ነው፤ በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው 501 ዓይነት እንቁራሪትና መሰሎቿ በዚህ በሽታ ተመናምነዋል፤ ከእነዚህም 90ው ፈጽመው እንደ ጠፉ ይገመታል። ጤነኛ የምትመስል እንቁራሪት ሻጋታውን ልትሸከም ትችላለች። የአሜሪካ መንግሥት ሳላማንደሮችን የሚያጠፋ ሌላ ሻጋታ እንዳይገባበት በ2016 የ201 ዓይነት ሳላማንደሮችን ማስመጣት ከልክሏል፤ ቀደም ብሎም በ1975፣ ሕፃናት ሳልሞኔላ የተባለው የሆድ በሽታ ስለ ያዛቸው፣ የጀርባ ቅርፊቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ አግዷል። እንዲህ ያለ ክልከላ ለነጋዴው ኪሳራ ቢመስለውም፣ በሽታ አንድ ጊዜ ወደ ኩሬና ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ የሚያስወጣው ቀረጥ የለም። አዲስ የተገዛ እንስሳ ለብቻው ሳምንታት ተለይቶ ይቆያል፤ ከሣጥኑ የተቀዳውም ውሃ በመድኃኒት ሳይጸዳ ወደ ወንዝ አይደፋም።