የኮምፒውተርን ገጽ በሥዕል ቀርጾ ለመላክ ስለሚያገለግሉ መሣሪያዎች አመራረጥ

በኮምፒውተር ላይ የሚታየውን ገጽ እንዳለ በሥዕል መቅረጽ፣ በተለምዶ «ስክሪንሾት» የሚባለው፣ ዛሬ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም የዘወትር ሥራ ሆኗል። ተማሪው የምዝገባውን ገጽ፣ ነጋዴው የከፈለበትን ደረሰኝ፣ ጸሐፊው ያስቸገረውን የኮምፒውተር ማስጠንቀቂያ ቀርጾ ይልካል። ሥራው ቀላል ስለ ሆነ መሣሪያውን መርምሮ የሚመርጥ ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን በአንድ ሥዕል ውስጥ የሰው ስም፣ የሒሳብ ቁጥርና የግል መልእክት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ መሣሪያ መመረጥ ያለበት በጌጡ ሳይሆን የሚፈለገውን አጥርቶ በማሳየቱና የማይፈለገውን ይዞ ባለመሄዱ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ሀ፤ ስለ መቅረጫው

ለአብዛኛው ሥራ አዲስ ፕሮግራም መፈለግ አያስፈልግም። በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ሺፍትንና የኤስን ፊደል አንድ ላይ ሲጫኑ የሚፈለገውን የገጹን ክፍል ብቻ ከልሎ መቅረጽ ይቻላል። በማክ ኮምፒውተር ኮማንድ፣ ሺፍትና 4 ይህንኑ ይሠራሉ። በሊኑክስም ጂኖምና ኬዲኢ የየራሳቸው መቅረጫ አላቸው። ቀስት እየሳለና ቁጥር እየጻፈ ማስተማሪያ ለሚያዘጋጅ ሰው ግን፣ በዊንዶውስ ሼርኤክስና ግሪንሾት፣ በሊኑክስ ደግሞ ፍሌምሾት በነፃ ይገኛሉ፤ የተጻፉበት ኮድም ለማንም ክፍት ስለ ሆነ አሠራራቸውን መመርመር ይቻላል። የትኛውንም ፕሮግራም ከመያዝ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ሥዕሉን በኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ያስቀምጣል ወይስ በገዛ ራሱ ወደ ኢንተርኔት ይልካል የሚለው ነው።

ለ፤ ስለ ፋይሉ ዐይነት

ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ነጥብ የሆነ ገጽ በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ በ3 ባይት ቢጻፍ 6,220,800 ባይት ይሆናል። ይህን ለማሳነስ ሁለት መንገዶች ይሠራባቸዋል። ፒኤንጂ የተባለው ዐይነት አንዲት ነጥብ እንኳ ሳያጠፋ ያሳንሳል። ጄፔግ ግን ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ ወደ ሆኑ ክፍሎች ከፍሎ፣ ዐይን አያስተውለውም የሚባለውን ረቂቅ ነገር እየጣለ ያሳንሳል፤ ለመልክአ ምድርና ለሰው ፎቶግራፍ ተስማሚ ቢሆንም ለጽሑፍ አይበጅም። በተለይ ለፊደላችን ጉዳቱ ይብሳል። «ለ» ከ«ሉ»፣ «በ» ከ«ቡ» የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ነውና፣ ያች ጭረት ስትደበዝዝ ቃሉ ይለወጣል። ስለዚህ የጽሑፍ ገጽ በፒኤንጂ ቢቀመጥ ይሻላል። በቴሌግራም ሲላክም በፎቶ መልክ የተላከው ይጨመቃል፤ በፋይል መልክ የተላከው ግን እንዳለ ይደርሳል።

ሐ፤ ስለ መሸፈንና ስለ መቁረጥ

ብዙ ሰው ገጹን በሙሉ ቀርጾ የማይፈልገውን ኋላ ይቆርጣል። ይህ ልማድ አስተማማኝ አለመሆኑ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በግልጽ ታውቋል። በጎግል ፒክስል ስልኮች ላይ ያለው ማርክአፕ፣ እንዲሁም የዊንዶውስ 11 ስኒፒንግ ቱል፣ የተቆረጠውን ሥዕል በቀድሞው ፋይል ላይ ሲጽፉ ከአዲሱ የተረፈውን የአሮጌውን ፋይል መጨረሻ አያጠፉም ነበር። ሥዕሉን የሚከፍት ሰው የሚያየው የተቆረጠውን ብቻ ቢሆንም፣ ዕውቀት ያለው ሰው ከተጣለው ክፍል ጥቂቱን ወይም ብዙውን መልሶ ማውጣት ይችል ነበር። ስሕተቱ በዚያው ወር ታረመ፤ ሆኖም እርማቱ ከዚያ በፊት ተቆርጠው የተላኩትን ሥዕሎች አላስተካከለም።

በዎርድ ጽሑፍ ውስጥ የገባ ሥዕልም እንዲሁ ነው። የተቆረጠው ክፍል እንዲጠፋ በተለይ ካልታዘዘ በቀር፣ ከዐይን ተሰወረ እንጂ ከፋይሉ አይወጣም። ጽሑፉን ለመምህሩ የሚያስረክብ ተማሪ ይህን ማወቅ አለበት። ጽሑፍን ማደብዘዝም መሸፈን አይደለም፤ የተደበዘዘ ቁጥር ምን እንደ ነበረ በስሌት ሊገመት ይችላልና። ከሁሉ የሚሻለው ከመጀመሪያው የሚፈለገውን ብቻ ከልሎ መቅረጽ ነው። በመካከል የሚሸፈን ነገር ካለ ምንም በማያሳልፍ ጥቁር ቀለም መድፈን፣ ከዚያም የተደፈነውን ሥዕል እንደ ገና ቀርጾ ሁለተኛውን መላክ ይገባል።

መ፤ ስለ መላክ

አንዳንድ አገልግሎቶች ሥዕሉን በኢንተርኔት አስቀምጠው አጭር አድራሻ ይሰጣሉ። አድራሻው ማጠሩ ለላኪው ቢመችም ለእንግዳም ይመቻል። ከ26 የላቲን ፊደላትና ከ10 አኃዞች የተውጣጣ ባለ ስድስት ምልክት አድራሻ 2,176,782,336 ዐይነት ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ለሰው ብዙ ይምሰል እንጂ እየሞከረ ለሚፈልግ ኮምፒውተር ብዙ አይደለም። አድራሻዎቹ በተራ የሚሰጡ ከሆነ ደግሞ መገመቱ ከዚያም ይቀላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው የታሰበ ሥዕል በቀጥታ ለዚያ ሰው ቢላክ ይመረጣል።

ተቀባዩም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በገጽ ላይ ያለ ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት በቀላሉ ሊለወጥ ስለሚችል፣ የክፍያ ደረሰኝ ሥዕል ብቻውን ገንዘቡ ለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ዕቃውን ከማስረከብ በፊት የራስን ሒሳብ ማየት ይገባል።

በአጭሩ፣ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው አራት ነገሮችን ይመርምር እንላለን፤ የተከለለውን ክፍል ብቻ መቅረጹን፣ በፒኤንጂ ማስቀመጡን፣ በማያሳልፍ ቀለም መሸፈኑን፣ ሳይታዘዝም ወደ ኢንተርኔት አለመላኩን። እነዚህን የሚያሟላ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀድሞ ይገኛል፤ የሚቀረው ከመላክ በፊት ሥዕሉን በተቀባዩ ዐይን አንድ ጊዜ ማየት ነው።